የፖርቶ የወንዝ ዳርና የባሕር ጠረፍ የእግር መንገዶች

ፖርቶ በሰሜን ምዕራብ ፖርቱጋል፣ የዶውሮ ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገባበት አካባቢ የምትገኝ ጥንታዊ የወደብ ከተማ ስትሆን፣ ታሪካዊ እምብርቷ በ1996 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተማዋ በገደላማ ኮረብታ ላይ ብትቆረቆርም፣ የወንዙ ዳርቻ ደልዳላ በመሆኑ ዳገት መውጣት ለሚከብዳቸው እግረኞች ይመቻል።

ዋናው መንገድ ሪቤይራ ከሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ተነሥቶ፣ በ1963 በተመረቀው የአራቢዳ ድልድይ ሥር አልፎ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ በመጓዝ የወንዙ አፍ ከሚገኝበት ከፎዝ ይደርሳል። ቁጥር 1 የተባለው ጥንታዊ ትራም በዚሁ አቅጣጫ ስለሚመላለስ፣ የደከመው መንገደኛ በእርሱ ሊመለስ ይችላል። በፎዝ የሞገድ መከላከያው ግንብ ጫፍ ላይ ባለ ስድስት ጎን የፌልጌይራስ የመብራት ማማ ቆሟል፤ በክረምት ማዕበሉ ከግንቡ በላይ ስለሚዘል ያን ጊዜ ወደ ማማው መጠጋት አደገኛ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው የጠረፍ መንገድ ኬይዦ የተባለውን ምሽግ አልፎ ወደ ማቶዚንዮስ የባሕር ዳርቻ ይዘልቃል።

በደቡብ በኩል ያለው መንገድ በ1886 የተከፈተውን ባለ ሁለት ፎቅ የዶም ሉዊሽ ቀዳማዊ ድልድይ ተሻግሮ፣ ፖርት የተባለው ወይን ጠጅ በበርሜል እየቆየ በሚበስልባት በጋያ በኩል ወደ አፉራዳ ያመራል። በዚህች የዓሣ አጥማጆች መንደር ሴቶች በጋራ ማጠቢያ ቤት ያጠቡትን ልብስ በወንዙ ዳር ያሰጣሉ። ከመንደሪቱ ወዲያ በአሸዋ ክምሮች ላይ የተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ፣ በባሕሩ ጠርዝ ዓለት ላይ እስከታነጸው የሴንዮር ዳ ፔድራ ጸሎት ቤት ያደርሳል።