የስሜን ከፍታና የዲስክ ምርጫ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዳባትን፣ ጥቂት አልፎም ደባርቅን ያገኛል። ዳባት ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከደባርቅ ታጥፎ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የገባ እንደሆነ ሳንቃበርን በ3,250፣ ጨነቅን በ3,620 ሜትር ግድም ይደርስባቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች ለእግረኛው የትንፋሽ ማጠር መለኪያ ናቸው። ለኮምፕዩተር ባለሙያ ግን ሌላ ትርጉም አላቸው፤ ብዙዎቹ የሃርድ ዲስክ አምራቾች ለዕቃቸው የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነውና። ወሰኑ በደባርቅና በሳንቃበር መካከል ያልፋል ማለት ነው።

ዲስክ ከፍታን ለምን ይፈራል? መልሱ ከአፈጣጠሩ ይመነጫል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አይ ቢ ኤም በ1956 ራማክ የተባለውን መሣሪያ ሲያቀርብ ሃምሳ ሳህኖች የሚሽከረከሩበት ዲስኩ አምስት ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ማንበቢያው ሳህኑን እንዳይነካ የሚያደርገውም ከመጭመቂያ የሚላክ አየር ነበር። በ1961 የተዋወቀው 1301 የተባለው ዲስክ መጭመቂያውን አስቀረ፤ ሳህኑ ሲዞር አብሮት የሚነዳው አየር ማንበቢያውን አንሥቶ እንዲያንሳፍፈው ተደረገ። በዚያን ጊዜ በማንበቢያውና በሳህኑ መካከል የነበረው ክፍተት ስድስት ማይክሮን ያህል ነበር። ዛሬ ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ ከሺህ እጥፍ በላይ ጠቧል። ብዙ መረጃ በጠባብ ቦታ ለማስፈር ሲባል ማንበቢያው ወደ ሳህኑ እየቀረበ ሄደ፤ የዲስክ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ክፍተት መጥበብ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተራው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ድፍን ዕቃ አይደለም። ማጣሪያ ባላት ትንሽ ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ የውጭው አየር ሲሳሳ የውስጡም አብሮ ይሳሳል። በደባርቅ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ፣ በጨነቅ 64 በመቶ ያህል ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ማንበቢያውን የሚደግፈው ኃይል ይቀንሳል፤ ማንበቢያውም ወደ ሳህኑ ይወርዳል፤ ከነካው መረጃው ተፋቀ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ 3,049ኛው ሜትር ላይ ዲስክ ወዲያው አይሞትም። ወሰኑ 10,000 ጫማ ተብሎ በድፍን ቁጥር የተወሰደ ነው፤ ሆኖም ከዚያ በላይ አምራቹ ቃል አይገባም። ለጠፋ ዲስክ የሚሰጠው ወሰን ግን 12,192 ሜትር ድረስ ነው። ስለዚህ ሳይበራ በበቅሎ ተጭኖ ራስ ዳሸን ጫፍ ቢወጣ ከፍታው አይጎዳውም፤ የበቅሎዋ መንገጫገጭ ሌላ ጉዳይ ነው።

በዚህ አካባቢ የሚቀመጠው መረጃ ቢጠፋ የሚተካ አይደለም። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1996 በዳባት ወረዳ የቤተሰብ ቆጠራ አካሂዶ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የተወለደውን፣ የሞተውንና አገር የቀየረውን ሰው መመዝገብ ጀመረ፤ በ2008 እና በ2014 ቆጠራው ታድሷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2016 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ስለ ሞተ የገጠር ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ከላይ በሳንቃበር አካባቢ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ተመራማሪዎች ጭላዳ ዝንጀሮዎችን አንድ በአንድ እየለዩ ሕይወታቸውን ሲከታተሉ ቆይተዋል።

የዳባቱ መዝገብ ከወሰኑ በታች፣ የሳንቃበሩ ሥራ ከወሰኑ በላይ ነው። በ1996 ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውን የፍላሽ ማኅደር በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው የጃፓኑ ቶሺባ ቢሆንም፣ ሳምሰንግ በሃርድ ዲስክ ፈንታ 32 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ የያዘ የእጅ ኮምፕዩተር የሸጠው በ2006 ነው፤ ዋጋውም ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነበር። በ2013 በሂሊየም ተሞልቶ የታሸገ ሃርድ ዲስክ ለገበያ ቀርቧል፤ ይህ ከውጭው አየር ቢነጠልም በብዙዎቹ መግለጫ ላይ ያው የከፍታ ወሰን ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ ኤስኤስዲ ዋጋው ከወረደ ወዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ሙሉም ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ ቀስ በቀስ ያመልጣል። በዓለም አቀፉ የሙያ ደረጃ መሠረት የተፈቀደለትን የመጻፍ አቅም የጨረሰ የግል ኮምፕዩተር ኤስኤስዲ፣ ጠፍቶ በ30 ዲግሪ ሙቀት ሲቀመጥ መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲጠብቅ ብቻ ይጠየቃል፤ ለሰርቨር የሚሠራው ደግሞ በ40 ዲግሪ ለሦስት ወር። አዲሱ ከዚህ እጅግ ይበልጥ ይቆያል፤ ይሁንና ያገለገለ ኤስኤስዲ በመሳቢያ ቆልፎ የሃያ ዓመት መዝገብ ተጠብቋል ማለት ራስን ማታለል ነው። የሃርድ ዲስክ መግነጢስ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ዋጋውም ለአንድ ቴራ ባይት አነስተኛ ነው።

ስለዚህ በሳንቃበርና በጨነቅ የሚሠራበት ኮምፕዩተር ኤስኤስዲ ሊኖረው ይገባል፤ የመዝገቡ ቅጂ ግን በየጊዜው ወርዶ በደባርቅ፣ ይልቁንም በዳባትና በጎንደር፣ ቢያንስ በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ ሊያርፍ ይገባዋል። ብርዱን በተመለከተ ሁለቱም እኩል ናቸው። በጨነቅ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ የአብዛኞቹ የሥራ ሙቀት ግን ከዜሮ ወይም ከ5 ዲግሪ ይጀምራል። ብርድ ያደረበት ዕቃ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ጤዛ ስለሚይዘው፣ እስኪሞቅና እስኪደርቅ ድረስ ሳይበራ መቆየት አለበት።