ቆጠራና ፍርድ፦ ከቡታጅራ መዝገብ እስከ ድረ ገጽ መርማሪ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቆረቆረችው ቡታጅራ በአገሬው ዘንድ በገበያዋና በማረቆ በርበሬ የታወቀች ስትሆን፣ በባሕር ማዶ የሕክምና ሊቃውንት ዘንድ ግን ስሟ የሚነሣው በአንድ መዝገብ ምክንያት ነው። ይኸውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ1979 ዓ.ም. ያስጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት መዝገብ ሲሆን፣ የድረ ገጽን ጥራት በቁጥር እንመዝናለን የሚሉ የዛሬ ባለሙያዎች ስሙን ሰምተውት የማያውቁ ቢሆኑም እንኳ፣ ስለ ቆጠራና ስለ ፍርድ ልዩነት የሚማሩበት ታሪክ አለው።

በዚያ ዘመን በአገራችን ገጠር የሚወለደውንና የሚሞተውን ተከታትሎ የሚያኖር ቋሚ መዝገብ አልነበረም፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ እንኳ የተካሄደው ገና በ1976 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ የፕሮጀክቱ መሥራቾች በጊዜው መስቃንና ማረቆ ይባል በነበረው ወረዳ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌን በናሙና መርጠው፣ በእነርሱ የሚኖረውን 28 ሺህ ያህል ሕዝብ ከቆላው እስከ ደጋው ቤት ለቤት ካስቆጠሩ በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ የአካባቢውን ወጣቶች መልምለው በየወሩ አሰማሯቸው። ወጣቱ ቆጣሪ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ከተጣራና ይግቡ ከተባለ በኋላ፣ ባለፈው ወር በቤቱ የተወለደ፣ የሞተ፣ ያገባ፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ አገር ለቆ የሄደ ወይም በዚያው ቀበሌ ቤት የለወጠ ሰው መኖር አለመኖሩን ጠይቆ ይጽፋል፤ ጽፎም ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል።

የመዝገቡ ክብር ግን በቁጥሩ ብዛት አልነበረም። ሐኪም ባልደረሰበት ቤት «ሕፃን ሞተ» የምትል አንዲት መስመር የሞቱን ምክንያት አትናገርምና፣ ጠያቂ ወደዚያው ቤት ተመልሶ ሐዘንተኞቹን ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ሳሉና ስለ ተቅማጡ በትዕግሥት መጠየቅ ነበረበት። ዶክተር ደስታ ሻሜቦና ባልደረቦቻቸውም አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱትን ሕፃናት በሕይወት ካሉት እኩዮቻቸው ጋር እያነጻጸሩ፣ ከሞታቸው በስተ ጀርባ ያለው የኑሮና የአካባቢ ሁኔታ ምን እንደ ሆነ መረመሩ። እንግዲህ ቁጥሩ የት ቆሞ መጠየቅ እንደሚገባ የሚያመለክት እንጂ ራሱ ፈራጅ አልነበረም፤ መዝገቡን ለብዙ ዓመታት ለብዙ ጥናት ያበቃውም ይህ ሥርዓት ነው።

የቡታጅራ ቆጣሪዎች ሥራ ከጀመሩ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1993 ዓ.ም.፣ ማቲው ግሬይ የተባለ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ሌላ ዓይነት ቆጣሪ ወደ ዓለም ላከ። ይህ «ዘዋሪ» የሚል ስም የተሰጠው ፕሮግራም ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በአገናኝ ሊንክ እየተሻገረ የሚጓዝ ሲሆን፣ የተላከበትም ዓላማ ገና በመወለድ ላይ የነበረው የድረ ገጽ ዓለም ስፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ብቻ ነበር። ዛሬ ክራውለር የሚባሉት ሁሉ የእርሱ ዘሮች ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያሉት ተጓዦች ሳይጠይቁ እየገቡ የሰውን ኮምፒዩተር ሥራ ስላበዙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ማርታይን ኮስተር የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን በደጁ ላይ ጽፎ እንዲያኖር፣ መጤውም ከመግባቱ አስቀድሞ ያን እንዲያነብ ሥርዓት አቀረበ፤ የቡታጅራው ወጣት ከአያቶቹ የወረሰውን ከደጅ ቆሞ የመጣራት ጨዋነት ማሽኑ በሕግ ተማረው ማለት ነው።

ቆጠራው ወደ ማዕረግ መስጫነት የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የስታንፎርድ ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ባወጡት ጽሑፍ፣ ወደ አንድ ገጽ የሚያመላክት እያንዳንዱ ሊንክ እንደ ምስክርነት እንዲቆጠር፣ የምስክሩም ቃል እንደ ራሱ እንደ ምስክሩ ክብደት እንዲመዘን ሐሳብ አቀረቡ፤ ጉግልም በዚሁ መሠረት ላይ ተተከለ። ይህን ለመረዳት ቡታጅራ የምትገኝበት የጉራጌ አገር ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና 158 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው ወልቂጤ ከተማነቷን ያገኘችው ከመንገዱ ጋር ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ገንዘብ እያዋጡ ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ ለማሠራት የተነሡትም፣ መንገድ ያልደረሰበትን አገር የሚጎበኘው እንደሌለ ስላወቁ ነበር። ከየትም ሊንክ የማይደርሰው ገጽ ቢጻፍም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ ኤስኢኦ የሚባል ሙያ ተወለደ፤ ይኸውም ገጽን በፍለጋ ውጤት ከፊት ለማሰለፍ የሚደረግ ጥበብ ነው። ባለሙያው የራሱን ትንሽ ክራውለር በደንበኛው ድረ ገጽ ላይ ያሰማራል፤ እርሱም የትኛው ገጽ በደኅና ተከፍቶ 200 የሚል መልስ እንደ ሰጠ፣ የትኛው ጠፍቶ 404 እንዳለ፣ ርእስ የሌለው ወይም ርእሱ ከሌላ ገጽ ጋር አንድ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ገጽ ከፊት ገጹ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ስንት ቃላት እንደ ያዘና በስንት ሰከንድ እንደ ተከፈተ በሠንጠረዥ ያቀርባል። ጉግልም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 የመለኪያ ወሰን አውጥቶ፣ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ለዓይን ሊታይ ይገባል ብሏል።

እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ምልክቶች ናቸው፤ ችግሩ የመጣው ምልክቱ እንደ ፍርድ በተወሰደ ጊዜ ነው። ቁልፍ ቃል መቆጠሩን ያወቁ ሰዎች ገጹን በማይነበብ የቃላት ድርደራ ሞሉት፤ ሊንክ መመዘኑን ያወቁትም ሊንክን በገንዘብ መሸጥና መግዛት ጀመሩ። ስለዚህ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚሁ ተብሎ በስውር የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ገለጸ፤ በ2011 ይዘታቸው የረባ ያልሆኑትን ገጾች፣ በ2012 ደግሞ በተገዛ ምስክር የከበሩትን የሚያዋርዱ ለውጦች አደረገ፤ ለሕዝብ ያሳይ የነበረውንም የገጽ ማዕረግ ቁጥር በ2016 ጨርሶ ሰወረው። በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ጀፎረ ወደሚባለው የመንደሩ ሰፊ መንገድ ሲያዞሩ፣ የቤተሰቡ ሀብት የሆነው እንሰት በጓሮ ይበቅላል፤ ክራውለርም በጀፎረው ላይ ብቻ እንደሚያልፍ መንገደኛ የቤቱን አሠራርና የአጥሩን ጽዳት አይቶ ይመሰክር እንደ ሆነ እንጂ፣ ጓሮ ገብቶ እንሰቱን አያይም።

በእኛ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ መለኪያው ራሱ ይሳሳታል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ ገጾች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በተሠሩ ልዩ ልዩ ቅርጾች ወይም በሥዕል መልክ ይቀርቡ ስለ ነበር፣ ሰው የሚያነበውን ማሽን ሊያነበው አይችልም ነበር። ዛሬም ቢሆን «ቡታጅራ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ስም በገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ፊደል በዘጠኝ ምልክት ስለሚተካ ርዝመቱ 36 ምልክት ይሆናል፤ በላቲን ፊደል ልክ የተሠራው መሣሪያም አድራሻው ከመጠን በላይ ረዝሟል ብሎ ይከሳል። እንዲሁም አማርኛ ብዙ ነገርን በአንድ ቃል አጠቃልሎ ስለሚናገር፣ በቃላት ቁጥር ብቻ የሚፈርድ መሣሪያ በይዘት የበለጸገውን ጽሑፍ ባዶ ነው ሊል ይችላል፤ «ዓመት»ና «አመት» ብለው የሚጽፉ ሁለት ጸሐፊዎችንም የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል።

ስለዚህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታል፣ የማዘጋጃ ቤት ወይም የንግድ ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው ክራውለሩን ይጠቀምበት፤ የጠፋውን ገጽ ይመልስ፣ የተቋረጠውን ሊንክ ይቀጥል፣ የዘገየውን ያፋጥን። ከዚያ በኋላ ግን ሠንጠረዡን ዘግቶ፣ ያ ገጽ የተጻፈለትን ሰው፣ የተማሪውን ወላጅም ሆነ ታካሚውን፣ ከጎኑ አስቀምጦ የፈለገውን ማግኘት አለማግኘቱን ይጠይቀው። የመሣሪያው ቁጥርና የአንባቢው ቃል በተለያዩ ጊዜ የአንባቢውን ቃል ያስቀድም፤ ገጹ የተሠራው ለእርሱ ነውና።