ከተማው ካሜራ አይጠብቅም

አትላስ አካባቢ ካፌ ውስጥ ፎቶ መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች ከተገናኙ ክርክሩ አይቀርም፦ ያገለገለ ርካሽ ካሜራ ይገዛ ወይስ ገንዘብ ተጠራቅሞ ደህናው? «ርካሽ ዕቃ መልሶ ያከስራል» የሚለው ወገን ብዙ ጊዜ ይረታል። ታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈርድለትም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ፎቶ የሚያነሱ መሐንዲሶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ፎቶ ማለት የመስታወት ሳህን፣ ኬሚካልና ጨለማ ክፍል ማለት ነው። ያን ሁሉ ጭኖ ተራራ መውጣት የመንግሥት አቅም ይጠይቃል።

የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ፣ በዚያው ዓመት ዋይት በተባለችው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን ፎቶ አነሳችው። ሴትዮዋ የመጀመሪያ ካሜራዋን በስጦታ ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 መጨረሻ ነው። ካሜራው ርካሽ አልነበረም። የቀረው ግን በቤት ያለ ነገር ነው፦ የከሰል ማስቀመጫው ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱ ስቱዲዮ ሆነ። የመጀመሪያ ፎቶዋን በገዛ እጇ ጠርጋ አጠፋችው። ባለሙያዎቹ «ፎቶሽ ጥርት አይልም» እያሉ ሲነቅፏት እሷ ማንሳቷን ቀጠለች። ያስተማራት የካሜራው ዋጋ ሳይሆን ያበላሸችው ሳህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 ኮዳክ ብራውኒን በ1 ዶላር አወጣ። ብልሃቱ ፊልሙ ላይ ነው፤ ካሜራው በርካሽ ይሸጣል፣ ትርፉ ከፊልምና ከእጥበት ይመጣል። ስለዚህ ጀማሪው እየቆጠረ፣ እየሰሰተ ነበር የሚያነሳው። በእኛ አገር ደግሞ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከዚያም ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ባለ ካሜራው ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ከፋዩ ነው።

ዛሬ ያ ስሌት ፈርሷል። የተበላሸ ፎቶ ሳንቲም አያስወጣም። እንግዲህ ለጀማሪ የሚያዋጣው ያገለገለ ካሜራና አንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ሲገዛ ሌንሱን ብርሃን ላይ ይዞ ሻጋታ እንደሌለው ማየት፣ ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ መጠየቅ ነው። ውዱ ካሜራ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የሰው ሠርግ በጨለማ አዳራሽ የሚያነሳ ሰው ደካማ ዕቃ ይዞ መሄድ የለበትም። ግን ለዚያ ቀን መከራየት ይቻላል፤ መግዛቱ ሥራው ራሱ መክፈል ሲጀምር ይደርሳል።

ትልቁ ኪሳራ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። «ደህና ካሜራ እስክገዛ» ብሎ የጠበቀ ሰው ካሜራውን አንድ ቀን ይገዛው ይሆናል። የአያቱን ደጃፍ ግን በየትኛውም ሌንስ አያገኘውም። በስልኩም ቢሆን ያነሳው ጎረቤቱ ግን ፎቶው አለው፤ ትንሽ ቢደበዝዝም።