ሠዓሊው ባላባት፦ የአትሮንሰ ማርያም ሥዕልና የቤተ መንግሥት አገልግሎት

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ ቀዝቃዛውን ደጋ አቋርጦ አባይ ገደል አፋፍ ሲደርስ ቤተ መንግሥትን የሚያስታውስ ነገር አያይም። የገብስ ማሳ፣ የደንቆሮ ጫካ፣ ከዚያም ገደል ነው። ይሁን እንጂ ከበሽሎ በስተደቡብ፣ ከአባይ በስተምሥራቅ የተዘረጋው ይህ አገር በ15ኛውና በ16ኛው ምዕተ ዓመት ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ የመንግሥቱም እምብርት ነበረ። ነገሥታቱ በድንኳን የሚዘዋወሩ በመሆናቸው የግንብ ቤተ መንግሥት አልተዉም። በአንድ ስፍራ ጸንተው የሚቆሙት አብያተ ክርስቲያናቱ ነበሩ፤ የነገሥታቱ አፅም የሚያርፈውም፣ ሀብታቸው የሚቀመጠውም በነዚሁ ነበር። ሕዝቡም በበዓል ቀን የመንግሥቱን ክብር የሚያየው በነዚሁ ቤቶች ግድግዳና ሥዕል ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሥዕልን ለሕዝብ ማሳየት የመንግሥት ሥራ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ የአንድ ሠዓሊ ታሪክ ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች በሮድሪጎ ዴ ሊማ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ፣ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሠፈሩ ውስጥ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው አገኘ። ሰውየው በዚህ አገር አርባ ዓመት ያህል ኖሯል፤ ቋንቋችንን ያውቃል፤ መርቆሬዎስ የሚል የአገር ስምም አለው። አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ይህንን ሰው ሲያስተዋውቀን እጅግ የተከበረ ትልቅ ጌታ ነው ይለናል፤ ወዲያው ግን ሠዓሊነቱን በ«ምንም እንኳ» ያስከትላል።

ይህች «ምንም እንኳ» ብዙ ታስባለች። መጀመሪያ ያነበብኋት ጊዜ የኛን አገር ባህል የምትገልጽ መስላኝ ነበር፤ የእጅ ባለሙያ የሚናቅበት አገር ነውና። «ጠቢብ» የሚለው የክብር ቃል በአፋችን ተለውጦ «ጠይብ» የሚል ስድብ ሲሆን ታይቷል። አንጥረኛውም፣ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም በዚሁ ስም ተሰድበዋል። ነገሩን መላልሼ ሳስበው ግን ቃሉ የአልቫሬዝ እንጂ የኛ እንዳልሆነ ተረዳሁ። በዚያን ዘመን በፖርቱጋልና በጎረቤቶቿ ሥዕል ከእጅ ሙያ ይቈጠር ስለነበር፣ ሠዓሊ ጌታ ሆኖ ማየቱ ያስገረመው እርሱን ነው። በኛ በኩል ሠዓሊው ከአንጥረኛው ጋር አልተቈጠረም። ሥራው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደብተራ ወይም መነኩሴ ነው። «ሠዐለ» (ሥዕል ሣለ) እና «ሰአለ» (ለመነ፣ ጸለየ) በግእዝ ፊደላቸው ቢለያይም በአማርኛ ጆሮ አንድ መሆናቸው እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ቢሆንም ሰው ሁለቱን አያይዞ ቢሰማ አልፈርድበትም።

ከብራንካሊዮን በፊትም መሠረቱ ተጥሎ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የማርያምን በዓላት ብዛት 33 አድርሰው፣ ተአምረ ማርያም እንዲነበብ፣ ሥዕሏም እንዲከበር ሥርዓት ሠሩ። በዘመናቸው የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ደግሞ በዚሁ በቤተ አምሐራ አትሮንሰ ማርያምን ተከሉ፤ የቀደሙ ነገሥታትንም አፅም ወደዚያ አፈለሱ።

ጠቡ የተነሣው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ብራንካሊዮን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት። በአገሩ ልማድ ነውር የለበትም። እዚህ ግን ሕዝቡና ካህናቱ ታወኩ፤ ንጉሡ ሠዓሊውን ደግፈው ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲቀመጥ ባያደርጉ ኖሮ ይጠፋ ነበር።

ይህንን ሁከት የእምነት ብቻ አድርጎ የሚተረጉም አለ። ግራ የውርደት፣ ቀኝ የክብር ስፍራ መሆኑ ከመጻሕፍት የተገኘ ነውና ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ቀኝና ግራ የመንግሥቱም ሥርዓት ነበር። ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች ይበልጣል፤ ብሕትወደዱም የቀኝና የግራ ተብሎ ሁለት ነበር፤ የቀኙ ይቀድማል። በንጉሥ ድንኳን ማን በየት በኩል እንደሚቆም ያልተማረ ሰው ሹመት አያገኝም። እንግዲህ ይህን ሥርዓት በየቀኑ የሚያይ ባለሟል፣ ጌታውን ክርስቶስን በግራ ሲያይ፣ የሰማዩን ንጉሥ ከግራ አዝማች ስፍራ ያቆመበት ያህል ሊሰማው ይችላል። የሁከቱም ቁጣ ከቅዳሴው ይልቅ ከሹመቱ ሥርዓት የበለጠ ሳይቀዳ አልቀረም። ግምቴ ነው።

የሚገርመው ነገር ሲቈይ ተገላበጠ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ በኢየሱሳውያን ዘመን፣ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ወደ አገራችን ገባ፤ በርሷም ሕፃኑ በግራ ክንድ ነው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ይህችን አብነት አድርገው ሣሉ፤ ዛሬም በየቤተ ክርስቲያኑ የምንሳለማት በአብዛኛው ይህችው ናት። ሰው የተጣላበት ሥዕል ልማድ ሆነ።

በብሩስ ታሪክ ላይ ግን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ብሩስ ነገሩን በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን ያደርገዋል። አልቫሬዝ ሰውየውን በ1520 ሲያገኘው አርባ ዓመት ያህል ኖሮ ከነበረ፣ የመጣው በ1480 ገደማ ነው፤ በእደ ማርያም ደግሞ በ1478 ዐርፈዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ያስጠበቁት ልጃቸው ዐፄ እስክንድር (1478–1494) ሳይሆኑ አይቀሩም። እስክንድር ሲነግሡ ገና ሕፃን ነበሩ፤ አገር ያስተዳድር የነበረው ብሕትወደድ ዓምደ ሚካኤልና ሌሎቹ ሹማምንት ናቸው። ነገሩ የሆነው በነርሱ ጊዜ ከሆነ፣ ስለ ቀኝና ግራ ከሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቁት ሰዎች ራሳቸው ሥዕሉን አሳልፈውለታል ማለት ነው። ሠዓሊው በሹመት ከነርሱ ወገን ባይሆን ኖሮ ይህን ያደርጉለት ነበር? አይመስለኝም።

ይህ ጌትነት ዋጋ ነበረው። በዚያ ዘመን ለቤተ መንግሥት ሙያ ይዞ የመጣ እንግዳ ጉልት ይሰጠዋል፣ ሚስት ያገባል፤ የመሄጃ ፈቃድ ግን አያገኝም። ከፖርቱጋል የመጣው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በዚህ ዓይነት ከብሮ፣ ሀብታም ሆኖ ቀረ። በ1526 መልእክተኞቹ ሲመለሱም ልብነ ድንግል ሠዓሊውን ላዛሮ ዴ አንድራዴን እንዲቀር አደረጉ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር መጀመሪያ ለደጃዝማች ውቤ፣ ቀጥሎም ለዐፄ ቴዎድሮስ አገልግሏል። መቅደላ ላይ የቴዎድሮስን መጨረሻ አይቶ፣ በዚያው ዓመት በ1868 ሞተ። በቅርቡ ዘመን ጉልቱ በወር ደመወዝ ተተካ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ፣ ሠዓሊው ከመንግሥት መዝገብ ላይ የሚፈርም ሠራተኛ ሆነ። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው መንግሥቱ ለአፍሪካ ሊያሳየው በፈለገው ቤት ውስጥ ነው። ይህን በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ቤተ አምሐራ ያሳደገው ሥራ ከቤተ አምሐራ ጋር ወደቀ። ኢማም አሕመድ በ1531 መጨረሻ ላይ ወደዚህ ደጋ በወጣ ጊዜ፣ ዐረብ ፈቂህ በፍቱሕ አል ሐበሻ እንደሚተርከው፣ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟትና አልቫሬዝ በ1521 መጀመሪያ ስትመረቅ ያያት መካነ ሥላሴ ተቃጠለች። አትሮንሰ ማርያምም ተዘርፋ ነደደች። ብሩስ ግን ሥዕሉ እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዚያው ኖሮ፣ በሌላ ጦርነት ከንጉሡ አፅም ጋር ወደ ገደል ተወረወረ ይላል። ሁለቱ አይጣጣሙም። ሥዕሉ ካህናት ሸሽገውት ተርፎ እንደ ሆነ፣ ወይም ብሩስ ኋላ የተሣለውን የቀደመው ነው ብለው ነግረውት እንደ ሆነ፣ ምርጫው ለአንባቢ ነው፤ እኔ ወደ ኋለኛው አዘነብላለሁ።

የብራንካሊዮን እጅ የተገኘው ከአባይ ማዶ ነው። ዲያና ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት እንዳስታወቁት፣ በምሥራቅ ጎጃም በዋፋ ኢየሱስ ስሙ ያለበት ሥዕል አለ፤ በጌቴሴማኒ ማርያምም የእጁ ሥራ ናቸው የሚባሉ ሥዕሎች ይገኛሉ። ነገሥታት ያልተቀበሩባቸው አብያተ ክርስቲያናት ያኖሩትን፣ የነገሥታቱ መቃብር ሊያኖረው አልቻለም።

ጌትነቱ በምን መሬት ላይ እንደ ቆመ ግን ሥዕሎቹ አይናገሩም። የጉልት ስጦታ ይጻፍ የነበረው በወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ነው። የመርቆሬዎስ ስም ከዚያ ይገኝ እንደ ሆነ የሚመረምር ተማሪ ቢነሣ፣ ፍለጋውን አምሐራ ሳይንት ከምትገኘው ከተድባበ ማርያም መጻሕፍት ቢጀምር እመክረዋለሁ።