ሰብዳክሽን «መስመጥ» ነው?

«ሰብዳክሽን»ን «መስመጥ» ብለው የሚተረጉሙ ጽሑፎች ያሳስቡኛል። «ስምጥ»ን መሬት እየተላቀቀ ለሚሄድበት ሸለቆ ሰጥተነዋል፤ ሰብዳክሽን ግን አንዱ የምድር ቅርፊት ንጣፍ ከሌላው ሥር የሚገባበት ነው። የላቲን ሥሩም «ከሥር መምራት» ነው። ደግሞስ ሁልጊዜ መች ይሰምጣል? በአርጀንቲና ሥር ናዝካ የተባለው ንጣፍ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ተቃንቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አግድም ይጓዛል። በላዩ የነበሩት እሳተ ገሞራዎች ጠፍተዋል፤ ግፊቱም ከአንዲስ ተራሮች ባሻገር ደርሶ፣ የጥንቱን አለት ሰንጥቆ፣ በሜዳው መካከል የፓምፓ ተራሮችን አስነሥቷል። እንዴት ያለ ጉልበት ነው! የአሜሪካ ሮኪ ተራሮች ከባሕሩ ያን ያህል ርቀው መነሣታቸውንም ብዙ ተመራማሪዎች በዚሁ ያስረዳሉ። እኔ «ሰርጎ ገብ» ከወጣበት ግሥ «ስርገት»ን እመርጣለሁ፤ የአርጀንቲናውን ዓይነት ደግሞ «አግድም ስርገት» እንበለው።