የጉራጌ ቤት መንኰራኵርና የእንጨት ጠቢቡ ክብር

ጥርስ ያለው መንኰራኵር፣ አንዱ ሲዞር ባልንጀራውን በጥርሱ እየገፋ የሚያዞርበት፣ ዛሬ ማርሽ ብለን የምንጠራው ሥራ፣ በብረት ብቻ ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ በእንጨትም የተበጀ ጥበብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ፣ ወራጅ ውሃ የሚያዞረው መንኰራኵር የወፍጮውን ድንጋይ በጥርስ አማካይነት እንዴት እንደሚያንቀሳቅሰው ጽፎ ትቶልናል፤ በግብፅና በኑብያም ሳቂያ የሚባለው፣ በሬ እየዞረ ከዓባይ ውሃ የሚያወጣበት መሣሪያ፣ ጋድሞ የሚዞረውና ቆሞ የሚዞረው መንኰራኵር በእንጨት ጥርሳቸው ተያይዘው የሚሠሩበት ነበር። በእንግሊዝ አገርም የአናጢ ልጅ የነበረው ጆን ሃሪሰን የመጀመሪያዎቹን ሰዓቶቹን የሠራው በእንጨት መንኰራኵር ሲሆን፣ በ1722 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአንድ ባለጸጋ ግቢ ያቆመው ሰዓት እስከ ዘመናችን ድረስ ሲሠራ ኖሯል።

የዚህ ጥበብ ምስጢር በቁጥር ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። 8 ጥርስ ያለው ትንሽ መንኰራኵር 64 ጥርስ ያለውን ትልቁን አንድ ዙር ለማዞር እርሱ ራሱ 8 ዙር መዞር እንዳለበት የቁጥር ተማሪ ሁሉ ያሰላዋል፤ ጭንቁ ግን በእንጨቱ ጭረት ላይ ነው። ከአንድ ሳንቃ ክብ ተቆርጦ በዙሪያው ጥርስ ቢወጣለት፣ ጭረቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚሄድ፣ ከጭረቱ ጋር የተስማማው ጥርስ ሲጸና ጭረቱን አቋርጦ የወጣው ግን ገና ጫና ሲያርፍበት ይሰበራል። ስለዚህ የቀደሙት ጠቢባን መንኰራኵሩን ከብዙ ቁራጭ ይገጣጥሙት፣ አለዚያም እያንዳንዱን ጥርስ ለብቻው ጠርበው፣ ጭረቱ ከእምብርቱ ወደ ውጭ እንዲያመለክት አድርገው በቀዳዳ ይሰኩት ነበር። እንጨትን የሚያውቅ እጅ ከማያውቀው የሚለየው እንግዲህ በዚህ ነው፤ ዕፅ ተቆርጦ ከወደቀም በኋላ ጠባዩን አይተውምና።

በጉራጌ አገር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ባለ ጥርስ መንኰራኵር አልኖረም። ይህን የሚሰማ ሰው ጥበብ ስላልነበረ ነው ብሎ ቢፈርድ ይሳሳታል። በሌላው ዓለም የእንጨት ጥርስ ከሁሉ ይልቅ የኖረው ለወፍጮ ሲሆን፣ በአገራችን ግን እህል የሚፈጨው ሴቲቱ በድንጋዩ ፊት አጎንብሳ መጁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋች ስለ ነበር፣ የሚዞር ነገር በወፍጮ ቤት ቦታ አልነበረውም፤ ጉራጌ ደግሞ ከእህሉ ይልቅ ኑሮውን የመሠረተው በእንሰት ላይ ነው። ቢሆንም የሚዞረው፣ የሚይዘውና የሚፍቀው ሁሉ ከእንጨት ነበር፤ ፈታይዋ በጭኗ ላይ እያሾረች የምትለቀው እንዝርትም፣ በአገራችን የጥንት በሮች ላይ እንደምናየው ከራሱ ከሳንቃው ወጥቶ በመድረኩ ቀዳዳ ውስጥ የሚዞረው የበር እግርም፣ ከእንጨት ተሠርተው የዞሩ ናቸው።

የእንሰቱን ሥራ ቀርቦ ለተመለከተ ሰው፣ የእንጨት መሣሪያ በቤተ ሰብ ኑሮ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሸከም ይገለጥለታል። ሴቲቱ በእንሰቱ መካከል ቅጠል አንጥፋ ትቀመጣለች፤ በፊቷ አንድ ሳንቃ ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ በሳንቃው ላይ አስደግፋ፣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ እንዳይንሸራተት ትረግጠዋለች፤ የተሰነጠቀውን ቀርከሃም በሁለት እጇ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ለስላሳው ክፍል ወደ ቅጠሉ ሲወርድ በሳንቃው ላይ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ይሆናል፤ ከተጨመቀው ውሃ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ነው። ሥሩን፣ አሚቾ የሚባለውን፣ ለመፍጨት ግን ጫፉ በጥርስ የተቀረጸ የእንጨት መሣሪያ ታነሣለች። እነሆ በመንኰራኵር ላይ ያልተተከለው የእንጨት ጥርስ እዚህ ተገኘ፤ የሚያንቀሳቅሰውም በሬ ወይም ውሃ ሳይሆን የእናት ክንድ ነው። እንሰት በዛሬው ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ እንደሚመግብ ሲነገር፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ ይህን ሳንቃ፣ ይህን ቀርከሃና ይህን ጥርስ ማሰብ ይገባል።

ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጠው ግን ቤቱ ራሱ ነው። ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ ዳርና ዳር ፊት ለፊት የተሠለፉት ታላላቅ ክብ ቤቶች፣ ከውጭ ሲታዩ በሣር የተከደኑ ጎጆዎች ቢመስሉም፣ ከውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ ላያቸው ሰው የጋደመ መንኰራኵር ናቸው፤ በመካከል የቆመው ምሰሶ እምብርቱ፣ ከምሰሶው እየተነሡ ጣራውን የሚደግፉት እንጨቶች ክንዶቹ፣ በግድግዳው ራስ ላይ የሚዞረው ማገርም ጠርዙ ነው። ምሰሶው እንደ ጥድ ወይም እንደ ዝግባ ካለ ረዥምና ቀጥ ካለ ዛፍ ይጠረባል፤ ሁሉም ክንድ እኩል ሸክም ይሸከም ዘንድ ክንዶቹ የሚያርፉበት ቦታ በዙሪያው ተመዝኖ ይወጣለታል። በሚስማር ፋንታ የሚያስረው ከእንሰቱ የወጣው ገመድ ነው። ይህን የሠራ ሰው ክብን በዓይኑ እኩል መክፈል፣ የእንጨቱን ጭረት መከተል፣ ሸክሙ በየት በኩል እንደሚወርድ ማወቅ ነበረበት፤ ባለ ጥርስ መንኰራኵር ለመሥራትም የሚጠየቀው ዕውቀት ይኸው ነው።

ይህ ሰው ማን ነበር? ከ1950 ዓ.ም. በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት በጉራጌ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዊልያም ሻክ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ምሰሶውን የሚጠርበውና የቤቱን አካል የሚያቆመው ፉጋ የሚባለው የእንጨት ሠሪ ወገን ነበር፤ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ ለየብቻቸው ተለይተው ይኖሩ ነበር። የፉጋ ወንዶች እንጨት ሲጠርቡ ሴቶቻቸው ሸክላ ይሠሩ ነበር። በአገሩ ባህላዊ እምነት ሥርዓት ውስጥም የማይታለፍ አገልግሎት ነበራቸው። ነገር ግን እንጨት ሠሪው መሬት ማረስ ተከልክሎ፣ ከባለ መሬቱ ቤተ ሰብ ጋር መጋባት ተነፍጎ፣ ራሱ አቁሞ ወደ ጨረሰው ቤት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይገባ ተደርጎ ኖሯል። ምሰሶውን ያቆመ እጅ በምሰሶው ሥር እንዳይቀመጥ ተከለከለ ማለት ነው።

ይህ ነገር ልብን የሚያሳዝነው በሃይማኖት ትምህርት ፊት ሲቆም ነው። በምድረ ከብድና በሙሑር ኢየሱስ ገዳማት የሚጸልየው ክርስቲያን፣ የጌታ አሳዳጊ አረጋዊው ዮሴፍ ጸራቢ እንደ ነበረ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰምቷል፤ በቡታጅራና በወልቂጤ መስጊዶች የሚሰግደው ሙስሊምም፣ ነቢዩ ኑሕ መርከብን በእጃቸው እንደ ሠሩ፣ ነቢዩ ዘከሪያም እንጨት ጠራቢ እንደ ነበሩ ያውቃል። ሁለቱም እንጨት ሠሪውን በቅዱሳን መካከል ሲያከብሩት በጎረቤት መካከል ገለል አደረጉት። የጉራጌ ሕዝብ ደግሞ ሥራን ባለመናቁ በኢትዮጵያ ሁሉ የተመሰገነ ነው፤ ጫማ ጠርጎ፣ ሸክም ተሸክሞ፣ ከሳንቲም ተነሥቶ ታላቅ ነጋዴ የሆነው ልጁ ስንት ነው! ለሥራ ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሕዝብ ለእንጨት ጠቢቡ ክብሩን መንፈጉ፣ ከራሱ ጠባይ ጋር የማይስማማ ነገር ነበር።

የዘመናት ለውጥ ይህን አኗኗር ቀስ በቀስ ነካው። ጉራጌ ከብዙ ውጊያ በኋላ በ1881 ዓ.ም. ገደማ ሙሉ በሙሉ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲህ፣ ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ጀመረ፤ በዚያም መጋዝን፣ መላጊያንና ሚስማርን አወቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ ግን በመንግሥት አደባባይ እንጂ በየጀፎረው ለመሰማት ብዙ ዘመን ፈጀበት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሕዝቡ ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ለማሠራት ማኅበር ባቆመ ጊዜ፣ በመንገዱ ቆርቆሮና የተሰነጠቀ ጣውላ ገቡ፤ ባሕር ዛፍም የጥዱንና የዝግባውን ቦታ ወሰደ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬትን ለሕዝብ አድርጎ፣ ቢያንስ በሕግ ፊት፣ መሬት ተከልክሎ ለኖረው ለእንጨት ሠሪው በር ከፈተ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወልቂጤና፣ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ቡታጅራ፣ እንጨት ቤትና ብረት ቤት ጎን ለጎን ቆመው ይሠራሉ። በአንዱ ደጃፍ በርና አልጋ ይላጋል፤ በሌላው ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ፑሌጃ በችንጋ ይያያዛል፣ የተሰበረ ማርሽ ወደ ቶርኖ ይላካል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማትም እንሰት የሚፍቅ፣ አሚቾ የሚፈጭ፣ የሚጨምቅም መሣሪያ አዘጋጅተው የእናቶችን ድካም ለማቅለል ጥረዋል። እንግዲህ ጥርስ ያለው መንኰራኵር ወደ ጉራጌ ጓሮ እየገባ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ እኔ የምለው አንድ ነገር አለ። መሣሪያው ከውጭ የመጣ ነው ተብሎ ትምህርት ቤት ለገባው ብቻ ቢተው፣ እንጨትን ለዘመናት ያጠናው ቤተ ሰብ ሁለተኛ ጊዜ ከደጃፍ ይቀራል። በወልቂጤም በቡታጅራም ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ የእንጨት ሠሪውን ልጅ በተማሪነት፣ አባቱንም በመምህርነት ቢቀበሉ፣ ወጣቱ ምሰሶ እንዴት እንደሚመዘን ከሽማግሌው፣ ጥርስ እንዴት እንደሚቆጠር ከመሐንዲሱ ይማራል። በየቤተ መዘክሩ የሚቀመጠው በርጩማ፣ ገበታና የእንሰት ሳንቃም፣ «የጉራጌ ዕቃ» ብቻ ተብሎ ሳይቀር የሠራው ወገን ተጽፎ ይቀመጥ። በሸንጎ ቃላቸው የሚከበርላቸው የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችም መለያየቱን በግልጥ ይሻሩት፤ በሕግ የተሻረ ነገር በማዕድና በጋብቻ ካልተሻረ ሥሩ ገና አልተነቀለምና። ጥበብን እያመሰገኑ ጠቢቡን መናቅ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለውም በዚያ ቤት ጣራ ሥር ያደገ ትውልድ ሁሉ ነው።