የፓለስትሪና የመጀመሪያው የቅዳሴ ዜማዎች መጽሐፍ

ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1554፤ አታሚዎች ቫሌሪዮና ሉዊጂ ዶሪኮ

ጣሊያናዊው የዜማ ደራሲ ጆቫኒ ፒየርሉዊጂ ዳ ፓለስትሪና (1525 ገደማ–1594) ይህን መጽሐፍ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ ሣልሳዊ አበርክቷል። በመግቢያው ገጽ ያለው ሥዕል ደራሲው ተንበርክኮ ሥራውን ሲያቀርብ ያሳያል፤ የተወሰደው ግን እነዚሁ አታሚዎች በ1544 ለስፔናዊው ክሪስቶባል ዴ ሞራሌስ መጽሐፍ ከተጠቀሙበት የእንጨት ቅርጽ ጥቂት ተለውጦ ነው።

ዜማዎቹ የተደረሱት በፖሊፎኒ፣ ማለትም እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ዜማ ይዞ ከሌሎቹ ጋር በሚስማማበት ስልት ነው። ገጹ የሰፋው መዘምራኑ በአንድ አትሮንስ ዙሪያ ቆመው በጋራ እንዲያነቡ ሲሆን፣ በግራ ከላይ ሶፕራኖ፣ ከሥሩ ቴነር፣ በቀኝ ደግሞ አልቶና ባስ ተጽፈዋል።

ፓለስትሪና የቤተ ክርስቲያንን ፖሊፎኒ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንቶ ጉባኤ እገዳ ብቻውን አዳነ የሚለው ትውፊት በማስረጃ አይደገፍም። እውነተኛው ውርሱ ከዚያ ይልቃል፤ የዜማ ደራሲው ዮሃን ዮሴፍ ፉክስ በ1725 ባሳተመው የቅንብር መማሪያ የእርሱን ስልት አርአያ አድርጎ አቀረበ፣ ሃይድንና ቤትሆቨንም ከዚሁ መጽሐፍ ተማሩ።